8 ሰዓት ሲሆን ማን ነበር አጠገባችሁ? (ጫት ላቆማችሁና ለማቆም ለምትታገሉ፣ ሐዋሳ)

ዲናሞ_ሐዋሳ · ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ወገን። ትንሽ ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ሐዋሳ ነኝ። የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ እንደዚህ። 11 ዓመት ቅሜያለሁ። ሦስት ጊዜ አቁሜ ሦስቴም ተመልሻለሁ። ይሄ አራተኛዬ ነው። ዛሬ 5 ወር ከ6 ቀን ሞላኝ።

የመጀመሪያው ለማንም ሳልተነፍስ ነበር። 9 ቀን ቆየሁ። በሁለተኛው ደግሞ ለሁሉም አወራሁ። ለእናቴ፣ ለጋራዡ ልጆች፣ ለባለሱቁ ሳይቀር። ሁሉም «ጎበዝ፣ በርታ» አለኝ። በርታ ተብዬ ተብዬ በሳምንቴ ቃምኩ። ከዚያ ስላፈርኩ ማንም የማያውቀኝ ሰፈር፣ አቶቴ ድረስ እየሄድኩ ተደብቄ መቃም ጀመርኩ። ጭራሽ ባሰ።

በሦስተኛው ባለቤቴ ጠባቂ ሆነች። ማታ ስገባ ትሸተኛለች። ሸሚዜን ከማጠቧ በፊት ኪሱን ገልብጣ አረንጓዴ ብናኝ ትፈልጋለች። 9 ሰዓት ላይ ደውላ «የመዶሻ ድምፅ አሰማኝ» ትለኛለች። ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆየሁ። አንድ ማታ ግን ሳልቅም «ቅመሃል» ተባልኩ። ዐይኔ የቀላው ብየዳ ሳይ ውዬ ነው። በማግስቱ ሄጄ ቃምኩ። ካልቀረልኝ ስም ብዬ። ልጅነት ነው፣ አውቃለሁ።

አራተኛው እንዴት እስከ ዛሬ እንደዘለቀ ነው ዋናው ወሬ።

የጫት ሰዓት 8 ነው። ምሳ ይበላል፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል ፍራሽ ይነጠፋል፣ ለውዝና ውሃ ይገባል። እውነቱን ለመናገር የሚናፍቀኝ ቅጠሉ ብቻ አይደለም። የሚናፍቀኝ ያቺ ክፍል ነች። ሰው «ና ግባ» የሚለኝ እዚያ ነበር።

አንድ የዶልፊን ሹፌር አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሻሸመኔ ሐዋሳ ይሠራሉ። ባቆምኩ በሁለተኛው ቀን ለ8 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መጥተው ቆሙ። «ፍሬቻዬ እንቢ አለ።» ሳይ ፊውዙ ቦታው ላይ የለም። «ረዳቱ ነው የሚነካካው» አሉ። አዲስ አስገባሁ። በማግስቱ በዚያችው ሰዓት «ክላክሱ ጠፋ።» ፊውዝ። በሦስተኛው ቀን የዝናብ መጥረጊያው። አሁንም ፊውዝ። ስሠራ ጎማ ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ስለ ድሮ መንገድ፣ ስለ ድሮ ኦቶቡስ፣ አንዴ ጅብ ስለገጩበት ሌሊት። ከጨረስኩ በኋላ «ና ሻይ» ይሉኛል። ከሻይ ስንመለስ 10 ሰዓት ይሆናል። 10 ሰዓት ካለፈ ደግሞ በርጫው ሞቆ አልቋል፤ ያኔ የሚጀምር ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው የሚያድረው።

በሦስተኛው ሳምንት የውስጥ መብራቱን ልሠራ ገብቼ የሲጋራ መተርኮሻውን ብከፍት 6 ፊውዝ ተደርድሯል። ሁሉም ደህና ነው። አንዱም አልተቃጠለም።

ራሳቸው እየነቀሉ ነው የሚመጡት።

መተርኮሻውን መልሼ ዘጋሁት። «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ሽቦው ልክ አይደለም» አልኳቸው። «አርጅቷል፣ እንደኔ» አሉ። ስለ ጫት እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን ጥያቄዬ። እናንተ ስታቆሙ አጠገባችሁ የነበረው ማን ነው? ምን አደረገላችሁ? ሌላው ደግሞ ባለቤቴ አሁንም ትሸተኛለች። አልፈርድባትም። ግን ስትሸተኝ ሀራራዬ ይነሳል። እንዴት ብዬ ልንገራት?

---

ባለ_ሦስት_እግር · ማክሰኞ ማታ 3፡31

መተርኮሻው ገደለኝ 😂 ረዳቱ ግን ያሳዝናል፣ በባዶ ሜዳ ስሙ ጠፋ።

እኔ ባጃጅ ነኝ፣ እዚሁ ሐዋሳ። ገና እየቃምኩ ነው፣ አልዋሽም። አንብቤ ነው የምሄደው።

---

አልተዋጠልኝም · ማክሰኞ ማታ 3፡58

ወሬው ደስ ይላል። ግን ወንድሜ፣ ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ማቆም ማቆም ነው? ጋሼ ነገ መኪናውን ቢሸጡትስ? መስመር ቢቀይሩስ?

እኔ ሲጋራ ያቆምኩት በራሴ ነው። አንድ ጠዋት ተነሳሁ፣ ፓኬቱን ሽንት ቤት ጨመርኩ፣ አለቀ። ማንም አልደገፈኝም፣ ማንም ፊውዝ አልነቀለልኝም። የቆረጠ ሰው ይቆርጣል። ያልቆረጠ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። ሐቁን ነው የምነግርህ።

---

የጾም_ወጥ · ማክሰኞ ማታ 4፡20

@አልተዋጠልኝም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁዳዴን ትጾማለህ? ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ወንድሜ በሌላ ጊዜ ሥጋ ሳይበላ ሁለት ቀን አይውልም፤ ያንን 55 ቀን ግን ቀልድ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ቆራጥ ሆኖ ነው? እንኳን ሊቆርጥ፣ ጫማውን እኔ ነኝ የምፈልግለት።

የሚጾመው ቤቱ ስለሚጾም ነው። ድስቱ ተቀይሯል። ሉካንዳው ተዘግቷል። ሥራ ቦታ ምሳ ሲታዘዝ «በያይነቱ ለአምስት» ይባላል፣ ማንም አይጠይቀውም። በሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቤት ያው ነው። በረመዳን ጎሕ ሳይቀድ የሚነሳው ሰውዬ በሌላ ወር ሦስት ሰዓት ላይ ቀስቅሰኸው አይነሳም።

ደግሞ ልብ በል፣ በጾም ወራት እናቴ የወንድሜን አፍ አታሸትም። ሽሮ ትሠራለች፣ አበቃ።

ጋሼም ሽሮ ነው የሠሩለት።

---

ሲስተር_ከታቦር_ሥር · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ከአዳር ሥራ ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የማያውቀውን ልናገር። ጫት ውስጥ ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ በጣም ወደ ደከመ ነገር ይለወጣል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ መኪና እንደ አምቡላንስ የሚበርበት ምክንያት እሱ ነው። ሰውየው ሲያቆም ደግሞ የምርቃናው ተቃራኒ ይመጣል። ድካም፣ እንቅልፍ፣ ድብርት፣ ንጭንጭ፣ ዱካክ። አንዳንዱ ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። አንዳንዱ ሦስት ሰው የሚበላውን ብቻውን ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ድብርቱ ጠንቶ መኖር እስከመጥላት ካደረሰው ግን ቤት አይቆይ፣ ሐኪም ይየው።

አሁን ቤተሰቡን አስቡት። ባል ጫት አቆመ ተብሎ እልል ተብሏል። በሦስተኛው ቀን እስከ 5 ሰዓት ይተኛል፣ ሲነሳ ልጁን ይቆጣል፣ ሥራ አይሄድም። ሚስት ምን ትላለች? «ኧረ ሲቅም ይሻለው ነበር!» ይህን ቃል በጆሮዬ የሰማሁት አንዴ ሁለቴ አይደለም። እናትም ትላለች። አንዲት እናት ደግሞ ራሳቸው ሄደው ገዝተው አምጥተውለታል፣ አሳዝኗቸው። በፍቅር ነው ያደረጉት።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቤተሰብ መንገር ያለባችሁ «ላቆም ነው» ብቻ አይደለም። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አልሆንም፣ ታገሡኝ» ማለትም አለባችሁ።

@ዲናሞ_ሐዋሳ ስለ ባለቤትህ ሌሎች ይጻፉ፣ እኔ እንቅልፌ መጣ።

---

ዳኛው_ራሱ · ረቡዕ ጠዋት 3፡40

እኛ የሠራነውን ጅልነት ልንገራችሁ።

አምስት ጓደኛሞች ነን፣ አንድ በርጫ ቤት ያደግን። አንዱ «እቁብ እንግባ፣ የማቆም እቁብ» አለ። በሳምንት 500 ብር። የቃመ ሰው ዕጣው ይቀርበታል። ዳኛው እኔ። ሳምንት ሳምንት ፒያሳ አንድ ካፌ ተገናኝተን «ቃምክ?» «አልቃምኩም።» «ቃምክ?» «አልቃምኩም።» ሁለት ሳምንት አሪፍ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት የአንዱ ምላስ አረንጓዴ ነው። «የከረሜላ ነው» አለ። አሳለፍኩት። በአራተኛው የሌላው ዐይን እንደ ቲማቲም ቀልቷል። «ጉንፋን ነው።» አሳለፍኩት። ለምን ይመስላችኋል የማሳልፈው? ዳኛውም እየቃመ ነበራ!

ሁላችንም እየቃምን፣ ሁላችንም እየማልን ዙሩን ጨረስን። ብሩን ተካፍለን የበላነው ምን ላይ እንደሆነ አልነግራችሁም።

በኋላ ሳስበው ያጠፋነው አንድ ነገር ነው። «ቃምኩ» ብሎ እውነት የሚናገር ሰው ብር ይቀጣል፣ የሚዋሽ ይሸለማል። እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ማን እውነት ያወራል? የዲናሞም ቤት የሆነው እሱ ነው መሰለኝ። ይቅርታ፣ ቤትህ ውስጥ ከገባሁ።

---

ዲናሞ_ሐዋሳ · ረቡዕ ቀን 6፡30

@ዳኛው_ራሱ ኧረ ግባ፣ በሩ ክፍት ነው። «ነበራ» ስትል ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ልጆቹ አበደ ብለውኛል። ያልከው ግን ነክቶኛል።

---

መጽሐፍ_ተራ · ረቡዕ ከሰዓት 9፡05

ከንባብ የማውቀውን ልወርውር። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ2008 ክሪስታኪስና ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። አሜሪካ ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ ላይ ተመሥርቶ ለረጅም ዓመታት የተካሄደ የልብ ጤና ክትትል አለ። እሱ ውስጥ ያሉ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ከ1971 እስከ 2003 ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ አይተው፣ ማን መቼ ሲጋራ እንዳቆመ ተከተሉ። የትዳር ጓደኛ ሲያቆም የሌላው የማጨስ ዕድል በ67 በመቶ ቀነሰ። ጓደኛ ሲያቆም በ36። ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሥራ ባልደረባ ሲያቆም በ34። ወንድም ወይም እህት ሲያቆም በ25። ሰዎቹ ያቆሙት በየተራ ሳይሆን በመንጋ ነው፤ አንዱ የጓደኛሞች ስብስብ አንድ ላይ ይተዋል።

እዚህ ላይ የሥራ ባልደረባ ከወንድም በልጧል። ለምን እንደሆነ የኔ ግምት ነው፤ ባልደረባህ የሻይ ሰዓት ላይ አብሮህ አለ፣ ወንድምህ ግን ለበዓል ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ነገር ለዲናሞ ባለቤት ይሆናል። የአጫሽ ሚስት ወይም ባል «እንዴት እንደሚደግፉ» የሚያሠለጥኑ ፕሮግራሞች በየአገሩ ተሞክረዋል። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚያጠቃልል ተቋም በ2018 አንድ ላይ ሲያያቸው፣ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያቆመውን ሰው ቁጥር ከፍ ማድረጋቸው አልታየም። ድጋፍ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ግን ትዳር ውስጥ ያለን ሰው በሁለት ቀን ሥልጠና ደጋፊ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ በመካከላቸው ስንት የቆየ ቂም አለ።

@አልተዋጠልኝም አንተንም አልረሳሁህም። ሲጋራውን ሽንት ቤት የጨመርክ ጊዜ ሥራህ ምን ነበር?

---

አልተዋጠልኝም · ረቡዕ ማታ 1፡12

ምን አገናኘው? የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ከዚያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፍቶ እዚያ ገባሁ፣ በዚያው ሰሞን ነው ያቆምኩት።

---

መጽሐፍ_ተራ · ረቡዕ ማታ 1፡20

ሼዱ ውስጥ ይጨሳል?

---

አልተዋጠልኝም · ረቡዕ ማታ 1፡44

አይጨስም። ጨርቅ ነው፣ ክር ነው፣ እሳት ማን ያስገባል።

እሺ ገባኝ ወዴት እንደምትሄድ። ሹፌሩ በቀን ሁለት ፓኬት ነበር የሚያጨሰው፣ ከሱ ተለየሁ። ይሁን። ግን ፓኬቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ይሄንን እንዳትወስዱብኝ።

---

መጽሐፍ_ተራ · ረቡዕ ማታ 1፡50

አንወስድብህም 😂 የጨመርከው አንተ ነህ።

---

አዳማ_ናዝሬት · ረቡዕ ማታ 4፡55

ከአዳማ ነኝ። ሴት ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ። ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ የዲናሞ ባለቤት ላይ ስትደርሱ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የኔ ባል መጠጥ ነው። ድሮ ድራፍት ነበር፣ አሁን አረቄ ገብቷል። ሰባት ዓመት። ማታ ማታ የግቢው በር ላይ ቁልፉ ሲነካ በድምፁ አውቃለሁ። ቀጥ ብሎ ከገባ ደህና ነው። ብረቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ከነካ በኋላ ከገባ፣ ልጆቹን ወደ መኝታ እሰዳለሁ። ሦስት ደቂቃ አለኝ። እኔና ያ ቁልፍ እንተዋወቃለን።

ለአለቃው ደውዬ «አሞታል» ያልኩት ስንቴ ነው። ቦርሳውን ደብቄያለሁ። ጸበል ወስጄዋለሁ። ሽማግሌ ልኬያለሁ። አክስቱ ግን «ሚስት ጎበዝ ከሆነች ባሏ አይጠጣም» ትለኛለች፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ቡና። ሲጠጣ የኔ ጥፋት ነው፣ አንድ ወር ሲተው የሱ ጉብዝና።

ዲናሞ፣ ባለቤትህ የምትሸትህ አንተን ለማዋረድ አይደለም። ፈርታ ነው። 11 ዓመት ስትዋሽ እሷም 11 ዓመት ሙሉ ተዋሽታለች። አንተ ቅጠሉን ስትተው ሀራራ አለብህ። የሷን ፍርሃት ግን በየትኛው ቀን ያልቃል ብላችሁ ነው? ጋሼ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን እሳቸው 10 ሰዓት ላይ ቤታቸው ይገባሉ። ሌሊቱን የሚያድረው እሷ ጋር ነው።

ደጋፊ ደጋፊ ትላላችሁ። ደጋፊውን ማን ይደግፈው?

---

ሲስተር_ከታቦር_ሥር · ሐሙስ ጠዋት 2፡05

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መጀመሪያ አስቸኳዩን። ባለቤትሽ አረቄ በየቀኑ፣ ያውም ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚጠጣ ከሆነ በራሱ ጊዜ ድንገት እንዲያቆም አታድርጉት። ቦርሳም አትደብቂ። መጠጥ ከጫት ይለያል። ከባድ ጠጪ በአንድ ጊዜ ሲያቆም የሚጥል በሽታና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ሐኪም ባለበት፣ በመድኃኒት ታግዞ ነው የሚቆመው።

ሁለተኛ፣ ስለ አንቺ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች የአንዱ ሚስት ሎይስ ዊልሰን፣ በፈረንጅ 1951 ለጠጪ ቤተሰቦች ለብቻ የሚሆን ማኅበር ካቋቋሙት ሴቶች አንዷ ነች። ባሏ መጠጥ ካቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው ያቋቋመችው። እሱ ዳነ፣ እሷ ግን ገና ነበረች። እዚያ ለአዲስ ገቢ የሚነገረው ይህ ነው። መጠጡን አንቺ አላመጣሽውም፣ አንቺ አትቆጣጠሪውም፣ አንቺ አታድኚውም።

ከአክስቱ ጋር ለመጨቃጨቅ ይጠቅምሻል ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ሰው ያዢ። እህትሽ ትሁን፣ የንስሐ አባትሽ ይሁኑ፣ ጎረቤት ትሁን። ስለ ሱ ሳይሆን ስለ አንቺ የምታወሪያት። ለአለቃው መዋሸቱንም ተይው፣ እሱ ራሱ ይደውል።

---

አዳማ_ናዝሬት · ሐሙስ ጠዋት 2፡40

እጁ ጠዋት ይንቀጠቀጣል። አላወቅኩም ነበር እንደዚህ መሆኑን። አመሰግናለሁ ሲስተር። ቅዳሜ ሆስፒታል አብሬው ልሂድ ብዬ ነበር፣ ነገ አደርገዋለሁ።

---

ባለ_ሦስት_እግር · ሐሙስ ቀን 7፡15

አንድ ጥያቄ፣ ለመጽሐፍ ተራ። ሰፈር ብቀይርስ? ተራ የምይዝበት ቦታ ሁሉም ይቅማል። ፌርማታውም፣ ሱቁም፣ ጎማ ነፊውም።

---

መጽሐፍ_ተራ · ሐሙስ ከሰዓት 10፡30

ቦታ ኃይል አለው። በቬትናም ጦርነት ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ብዙዎቹ እዚያ ሄሮይን ለምደው ነበር። አገር ቤት ሲመለሱ መንግሥት ጉድ ፈላ ብሎ ተጨነቀ። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ተከታትላ ስታያቸው ግን፣ ሱስ ይዟቸው ከነበሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት መልሶ ሱስ የያዛቸው ጥቂቶች ብቻ ሆነው ተገኙ። ጫካው የለም፣ ጦርነቱ የለም፣ አብሮ የሚወስደው ጓድ የለም።

ግን አንተ ሐዋሳን ጥለህ የት ትሄዳለህ? እዚህ አገር ጫት የሌለበት ፌርማታ ፈልጎ ማግኘት ራሱ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። የዲናሞ ጋራዥ ቦታውን አልቀየረም። የተቀየረው 8 ሰዓቷ ናት። አንተም ከሷ ጀምር።

ሌላው፣ ሲስተር ያነሳችው ማኅበር እንዴት እንደተጀመረ ታውቃለህ? ቢል ዊልሰን በ1935 ኦሃዮ ውስጥ አክረን የምትባል ከተማ ለሥራ ሄዶ ሥራው ከሸፈ። መጠጥ ካቆመ ወራት ብቻ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ቡና ቤቱ ሲንጫጫ ይሰማዋል። ሊገባ ምንም አልቀረውም። ገብቶ ከመጠጣት ስልክ አነሳና ለከተማው ቄሶች እየደወለ ሌላ ጠጪ አገናኙኝ አለ። እንዲያድነው አይደለም የፈለገው፣ እሱ የሚያወራው ሰው እንዲያገኝ ነው። ቦብ ስሚዝ የሚባል ጠጪ ሐኪም አገናኙት። ሁለቱም ዳኑ። ጋሼ ምናልባት... አላውቅም፣ ዲናሞ ጠይቃቸው።

---

ዲናሞ_ሐዋሳ · እሑድ ማታ 2፡20

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆነ።

ሐሙስ ማታ የአዳማዋን እህት ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ስልኩን ተቀብላ ራሷ ደግማ አነበበችው። «ቁልፉ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። እሷም የምታዳምጠው ነገር አላት ለካ። የእኔ ጫማ ነው። የቃምኩ ቀን በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ እቸኩላለሁ አሉ። እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር።

«መሽተት ካስቀየመህ ሌላ ምን ላድርግ ንገረኝ፣ እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ብዙ ዝም ካልን በኋላ እንዲህ ተባባልን። እሷ አትጠይቅም። እኔ ሳልጠየቅ ማታ ማታ የከበደኝን ሰዓት እነግራታለሁ። ከቃምኩም እነግራታለሁ፣ ያን ማታ ግን ጭቅጭቅ የለም፣ ጠዋት ይደርሳል። ከዳኛው እቁብ የተማርነው ነው ይሄ። በቀን ለጫት አወጣ የነበረውን 200 ብር ደግሞ በእጇ እሰጣታለሁ። ለምን እንደምታደርገው አልጠይቅም።

ዓርብ ከባድ ነበር። ጋሼ አልመጡም። 8 ሰዓት ሆነ፣ 8 ተኩል ሆነ፣ ከጀርባ ክፍል የሳቅ ድምፅ ይመጣል። @አልተዋጠልኝም አስታወስኩህ፣ እውነቴን ነው። ጋራዡን ዘግቼ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዓሣ የሚገፍፉትን ልጆች ቁጭ ብዬ አየሁ። አንዱ ቆሮሶውን ቆዳውን በአንድ ጉተታ ነው የሚያወጣው፣ ሥጋው ላይ ጭረት የለም። አባ ኮዳዎቹ እንደ ገንዘብ ያዥ ከኋላው ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ በዳጣ በላሁ፣ ዐይኔ እስኪያነባ። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ለባለቤቴ ደውዬ «8 ሰዓት ተኩል ላይ ከበደኝ፣ ዓሣ ይዤ እየመጣሁ ነው» አልኳት። «አምባዛ እንዳይሆን» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ጋሼ ቅዳሜ መጡ። ጉንፋን ይዟቸው ነው። መጽሐፍ ተራ ባልከው መሠረት ጠየቅኳቸው፣ በዘወርዋራ። «ጋሼ፣ ድሮ ይቅሙ ነበር?» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ጫትስ አይደለም» አሉ። ከዚያ ስለ ጎማ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

---

አዳማ_ናዝሬት · እሑድ ማታ 2፡48

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። እኛ ዓርብ ሄድን። አልጋ ይዟል። ደህና ነው ብለውኛል። እኔ እህቴ ቤት ነው ያደርኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

---

ባለ_ሦስት_እግር · እሑድ ማታ 3፡30

ዲናሞ፣ ጋራዥህ የት ጋ ነው? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ባጃጇ ነገ 8 ሰዓት ላይ ፍሬቻዋ የሚጠፋ ይመስለኛል።

---

ዲናሞ_ሐዋሳ · እሑድ ማታ 3፡34

ጽፌልሃለሁ። ለሩብ ጉዳይ ላይ ድረስ። የነቀልከውን ፊውዝ እንዳትጥለው፣ ኪስህ ውስጥ ያዘው። አሁን አንዱ ውድ ሆኗል።